ሊቁን የሚቀልበው ማን ነበር

ኮሎምበስ፣ ጥቅምት 2014

ወዳጄ ኪዳን፣

ይህ ካርድ ፖስታ ስለሌለው መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ የዚያን ባለሥልጣን ስም አልጽፍም፤ አንተ ታውቀዋለህ።

ትናንት የወንድሜ ልጅ ማህደር የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወሰደችኝ። ማስክ ያደረገ መምህር አንድ ያረጀ መጽሐፍ ገልጦ አሳየን። ለካ የሮማ ፓፓዎች «የጥንቱ የሮማ ንጉሠ ነገሥት የምዕራቡን አገር ሁሉ ሰጥቶናል» የሚሉበት ሰነድ ነበራቸው። አንድ ጣሊያናዊ ሊቅ ላቲኑን መርምሮ ሰነዱ የኋላ ዘመን ፈጠራ መሆኑን አጋለጠ። ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአውሮፓ የሃይማኖት ተሐድሶ ያነሡት ሰዎች የሊቁን ጽሑፍ ይዘው የዘመናቸውን ፓፓ ወጉበት።

አብረውን የነበሩት ተማሪዎች ሲደነቁ እኔ «ሊቁን ማን ነበር የሚቀልበው?» ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ «ከፓፓው ጋር የሚዋጋ ንጉሥ» አለኝ። ማህደር «ሶ ዋት፣ ጋሼ? ሂ ዋዝ ራይት» ብላ ሳቀችብኝ። ሊቁ ልክስ ልክ ነበር። እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው።

አንተም ያ ባለሥልጣን የገዳሙን የመሬት ሰነድ መርምር ብሎህ መኪና ከነሾፌሩ እንደመደበልህ ጽፈህልኛል። ሰነዱ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ግዕዝ ካንተ የተሻለ የሚያነብ አላውቅም። ግን ሰውየው ከመቼ ወዲህ ነው ግዕዝ የወደደው?

ቦታው አለቀብኝ። ለእህትህ ለእትዬ ንግሥት እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፣ ልጆቹንም ሳምልኝ። ገዳሙ ስትሄድ በአውቶቡስ ሂድ።

ደጀን