ሐይቁ ያልተለካባቸው ቀናት

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
መጋቢት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለህሊና፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መሥሪያ ቤትሽ ስለሚያወጣው የአገር ዕቅድ ሁለት ገጽ፣ ስለ ጤናዬ አንድ መስመር፤ አልተቀየምኩም። አገር ጭስ ሳታበዛ እንድታድግ፣ ድርቅና ጎርፍ ሲመጣም እንዳትወድቅ የሚያስብ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል? ሐይቅ የሌላት አዲስ አበባ ለሐይቃችን ዕቅድ ማውጣቷ ግን አስቆኛል።

የጠየቅሽኝን መዝገቦች ጎረቤታችን ይልማ ያደርስልሻል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የለካሁት የሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ከፍታ ነው። በየማለዳው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን እሽ እያልኩ፣ ውሃው ውስጥ ከቆመው ባለቁጥር ብረት ያነበብኩት ነው። እመኚው።

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በቀር።

የ1990ን መዝገብ ግለጪ። ከሐምሌ 3 እስከ 21 ያለው ቁጥር የእኔ ፈጠራ ነው። ባዶ ቦታ ከተገኘ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ክረምት ነው፣ ውሃው መጨመሩ አይቀርም ብዬ በየሁለት ቀኑ አንድ ሳንቲሜትር እያከልኩ ሞላሁት። የሞላሁትም ሆስፒታል፣ እናትሽ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው።

ትዝ ይልሻል፣ ከዩኒቨርሲቲ ፈተናሽ ተጠርተሽ ስትደርሺ እናትሽ ብርሃነሽ ተቀብራ ነበር። ከሠልስት በኋላ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ አይተሽ፣ «አባዬ፣ እናቴ በሞተችበት ቀንም ሐይቅ ሊለኩ ሄዱ?» አልሽኝ። መዝገቡን ከድኜ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቁጥሩ ውሸት ነው ብዬ ከምዋረድ፣ ጨካኝ ብትዪኝ መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ የምትጽፊልኝ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት እንደሚጻፍ ሆነ። አሥራ ሦስት ዓመት! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ንጋት ዘገየ። አሁን ግን ቁጥሩ ለአገር ሊሆን ነው። ሐይቁ ሲሞላ ቤታቸው ውሃ የሚገባባቸው፣ ሲጎድል መረባቸው ባዶ የሚወጣ ሰዎች አሉ። በውሸቴ ላይ ዕቅድ አትሥሪባቸው። እነዚያን ቀናት ባዶ ተያቸው።

እናትሽ ባረፈችበት በሐምሌ 21 ማለዳ ሐይቁ ስንት ላይ እንደነበር አላውቅም። እጄ እጇ ውስጥ ነበር።

ለፋሲካ ብትመጪ የሐይቃችንን ዓሣ፣ ቆሮሶ አስጠብስልሻለሁ። መምጣት ካልቻልሽም መልስሽን እንደ ድሮው «አባዬ» ብለሽ ጀምሪልኝ።

የእናትሽ አምላክ በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ።

አባትሽ
ሙሉጌታ