አስካለ ይዛልኝ የተመለሰችው ጠርሙስ

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከእድራችን ሴቶች ጋር በአውቶቡስ ቢሾፍቱ ሄጄ ሐይቅ አይቼ መጣሁ። ምነው በቀረብኝ!

ጎረቤቴ አስካለ ውሃዋን ከቤቷ በኮዳ ይዛ መጣች። ገና ከቃሊቲ ሳንወጣ፣ «አንቺ፣ ዘመቻ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አልኳት። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔ የታሸገ ውሃ ገዝቼ ነበር።

ሐይቁ ዳር ሰሌዳ ተተክሏል። ማንም ሳይጠይቀኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይዛችሁ የመጣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ» ይላል። በስተርጅና ፊደል የቆጠረ ሰው ማንበቡን ካላሳየ አይሆንለትም። ከምሳ በኋላ ግን ባዶውን ጠርሙስ መያዝ ሰለቸኝና ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወርኩት።

ስፍራውን የምትጠብቀው ልጅ አገኘችው።

«እማማ፣ የእርስዎ ነው?» አለችኝ።

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ በቆሻሻ ልጠረጠር?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ይኼኔ አስካለ፣ «የእኔ ነው፣ ልጄ። ረስቼው ነው፤ ስጪኝ» ብላ ተቀበለቻትና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ኮዳው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ሁሉም ያየዋል። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እስከ ሰፈር ድረስ ስለ ልጇ ሠርግ ስታጫውተኝ መጣች። ቤት ገብቼም ልቤ አላርፍ አለኝ። አንድ ቃል ብትሰድበኝ ኖሮ መልስ አላጣላትም ነበር።