ለንስሐ አባት የተሰጠ የሚስጥር ቁጥር

ሰኞ

«ሥልጠናው ጠቅሞዎታል?» ይላል የወረዳው ቅጽ። ደብተርና እስክሪብቶ ስለምሸጥ መጻፍ ይችላል ብለው የመርሳን ባለሱቆች ግምገማ ለእኔ ሰጡኝ። ሥልጠናው ነጋዴን ከስልክና ከባንክ አጭበርባሪ ስለመጠበቅ ነበር። ባለሙያው ከወልዲያ መጣ። ግማሹን በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ መሀል ላይ መብራት ሄደ። የገባን አንድ ነገር፦ የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም። ይህን ሲል ባለቤቴ ወርቅነሽ አንገቷን ደፋች።

ማክሰኞ

ጠየቅኋት። የሱቁ የባንክ ሒሳብ በእሷ ስም ነው፤ ቁጥሩን እኔም አላውቀውም። ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ካሳ ግን ሰጥታቸዋለች። አምና፣ ከጦርነቱ ወደ ደሴ ስንሸሽ።

«ብሞት ተዝካሬን ማን ያወጣል?»

«እኔስ?»

«አንተማ አብረኸኝ ትሞታለህ ብዬ ነዋ!»

ሌሎች ባለሱቆችም ሰጥተዋቸዋል አለች።

ረቡዕ

መምሬን ሽንኩርት ሲኮተኩቱ አገኘኋቸውና ስለ ቁጥሮቹ ጠየቅኋቸው።

«ከባንክ ነኝ ያለ ልጅ ደውሎ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ አለኝ። የኔ የለኝም፣ የሰው ነው ያለኝ አልኩት። እሱንም ይንገሩኝ አለ።»

«ነገሩት?»

«ሦስቱን ከደብተሬ አነበብኩለት። ጨዋ ልጅ ነው፣ አንቱ ይለኛል።»

ላብ አጠመቀኝ። «በማን ስም?»

«በክርስትና ስማችሁ ነዋ! ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ...»

እዚያው መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። በዚያ ስም ባንክ የሚያውቀው ሰው የለም።

«የሦስቱንም ስልክ ቁጥር ነገ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ» አሉ።

ሳቄ ቆመ። ስልኩና የሚስጥር ቁጥሩ ከተገኘ ሒሳቡ ተከፈተ ማለት ነው። ሌባ ነው ብዬ ሳስረዳቸው ግማሽ ቀን ፈጀሁ። እሳቸውን ወደ ሥልጠናው የጠራ የለም።

ሐሙስ

ሦስቱ ባለሒሳቦች በጠዋት ባንክ ተሰለፉ። «ሲስተም የለም» አሉን የባንኩ ሠራተኞች። መምሬም አብረውን ቆሙ። ያ ልጅ ደወለላቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ንስሐ ግባ» አሉት። ዘጋባቸው።

ከሰዓት ሲስተሙ መጣ። የጎደለ የለም። ቁጥሮቹ ተቀየሩ። መምሬ የደብተሩን ቅጠል ቀደው አቃጠሉ፤ የተቀሩትም ነገ ይቀይራሉ።

ዓርብ

ሹፌሮች ቆቦ በኩል ተኩስ አለ ይላሉ። ቅጹን ሞላሁ፦ «ምክሩ ትክክል ነው። ብንሞት ቁጥሩን ማን ይወቅ የሚለውን ግን የመለሰልን የለም።» ለወርቅነሽ አነበብኩላት። ሱቁን ስንዘጋ አዲሱን ቁጥር በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ሦስት ጊዜም አስደገመችኝ።

«እንዳትጽፈው!»

አልጻፍኩትም። የመጨረሻዋ አኃዝ ግን ከአሁኑ ጠፍታኛለች። ነገ እንዳትቆጣ ቀስ ብዬ እጠይቃታለሁ።