ከቁርስ በኋላ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? የትንሿ ሳል ለቀቃት? እኛ በቸሩ ፈቃድ አለን። ላሚቱም ወለደች። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽ ራቀኝ። ጎረቤታችን ይሄይስ፣ መንገዱ ሲከፈት በቡሬ አድርጌ ልጅዎ ወዳለችበት ፍኖተ ሰላም እወርዳለሁ ቢለኝ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ።

ስለ ጤናዬ እንድትጨነቂ አልሻም። ያን ቀን ክሊኒክ ወስደሽ ያሳከምሽኝን አልዘነጋሁም። ወጣቱ ሐኪም፣ ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ይህን በየቀኑ ከቁርስ በኋላ አንድ አንድ ይዋጡ፣ ገባዎት አባቴ? ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ቃሉን እንደያዝሁት አለሁ። ከቁርስ በኋላ። ዐቢይ ጾም እስኪገባ አንድም ቀን አላጓደልሁም።

ጾሙ ሲገባ ግን ቁርስ የለም። ቁርስ ከሌለ፣ ከቁርስ በኋላ የሚባል ነገርም የለም። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስለምንቀምስ ያን ጊዜ እውጣለሁ። በሌላው ቀን መድኃኒቱ ከመስኮቱ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። እናትሽ፣ ማታ ከእራት ጋር ቢውጡትስ? አለችኝ። ማታ አልተባለም አልኋት። ኪኒኑም ድጓ ሆነብዎ? ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ፣ ተማሪ አንዲት የዜማ ምልክት ቢያጓድል ከሥር ያስጀመርሁ ሰው ነኝ። በተሰጠኝ ቃል ላይ አልጨምርም፤ አልቀንስም።

አንድ ነገር ግን ይመላለስብኛል። ከእኔ ቀጥሎ ወደ ሐኪሙ የገባውን፣ ከፈረስ ቤት የመጣውን ገበሬ ታስታውሺዋለሽ? ክንዱ ብለው የጠሩትን። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፁ እውጭ ይሰማ ነበር። ስንቱን ነው? መቼ? እስቲ ድገሙልኝ ጌቶቼ፣ እኔ እንደሆንሁ ፊደል አልቆጠርሁ ይል ነበር። ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ። ከዚያ፣ ያልበላሁ ቀንስ? ሲል ሰማሁት። ደጅ የሚጠብቀን ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ፤ ወጣሁ። መልሱን አልሰማሁም።

ተመልሼ ልጠይቅ ብዬ ነበር። ግን ጥምጥሜን አይተው፣ ይቀመጡ መምህር ብለው የተነሡልኝ ሰዎች እዚያው ነበሩ። አፈርሁ።

ጾመ ድጓው ያደክማል፤ ታውቂዋለሽ። ባለፈው ሳምንት ቆሜ ስመራ ቃሉ ከአፌ ጠፋ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል። ተማሪዎቹ ተያዩ። ትልቁ ተማሪዬ ክንፈሚካኤል አነሣልኝ። መቋሚያዬም ከቀኝ እጄ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬ ስይዘው እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ቆየት ብሎ ተመለሰልኝ። ጾም ነው አልኋቸው። ተማሪዎቹ አመኑኝ። እናትሽ ግን መሳቅ ትታለች። ስበላ አፌን ታያለች።

ጠዋት ጠዋት ማጅራቴን ይወጋኛል። መስመሬ ወደ ታች መውረዱን አትታዘቢኝ።

ይህን ከጀመርሁ ሰነበትሁ። መንገዱ አልተከፈተም። ዛሬ እጄ ብዕሩን እንቢ ስላለች ከዚህ ወዲያ ያለውን ክንፈሚካኤል ይጽፍልኛል።

ትንሣኤ ቅርብ ነው። ዶሮ ሲጮኽ እንፈስካለን፤ ያ ቁርስ ይባል እንደሆነ አላውቅም። ያን ቀን አንቺ መድኃኒቱን ለመቀበል ወደ ኋላ ቀርተሽ ነበር። ለዚያ ገበሬ ምን እንደመለሱለት ሰምተሽ እንደሆነ ላኪብኝ። ለሌላ ሰው አታውሪው።

አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጆችሽን እንደ …… ያድርግልሽ። ክፉ …… አያሳይሽ። እኔም ……

አባትሽ

እህቴ ሆይ፤ መምህር ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁ። ያልተሰማኝን ቃል ደጋግሜ ብጠይቃቸውም አልለይ ስላለኝ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። አሁን ተኝተዋል፤ ሲጠሯቸው በአንድ ዓይናቸው ብቻ ያያሉ። ይሄይስ መንገዱ ባይከፈትም በእግር ልሞክር ብሎ ደጅ ቆሟል። እናትዎ ኪኒኑን በመዳፋቸው ይዘው፣ አሁን ይዋጥ? እያሉ ይጠይቁኛል። መምህር ዛሬ ምንም አልቀመሱም። እዚህ ካለነው የሚያውቅ የለም።

ደቀ መዝሙራቸው