በአከራያችን ደጅ የቆሙ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ 2015

የመመረቂያ ጥናቴ ምዕራፍ አራት አልንቀሳቀስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ስለ ሰሜን ጋና ዛፎች ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከተማው ዳር ያለው ሰፈራችን ፖይንት ኩክ። የጓሮውን በር ከፈትኩ። ሣር የለም።

ደብተርዬ፣ የለም ስልሽ የለም! ጋሼ፣ የባሌ የዳዊት አባት፣ ከወላይታ ቦዲቲ ሊጠይቁን ከመጡ ሁለት ወር ያልሞላቸው ሰውዬ፣ ጓሮውን ከአጥር እስከ አጥር ገልብጠውታል። ጥቁር አፈር፣ መደብ በመደብ፣ ጎመን የተዘራበት። መሃሉ ላይ በመስኮት ሥር በብርጭቆ ያበቀሏት አቮካዶ ተተክላለች። እሳቸው አካፋቸውን ተደግፈው እንደ ሙሽራ ያበራሉ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና “እግዜር ያበርታዎ” አልኩ።

ቤቱ የኪራይ ነው። ሊዙ፣ የኪራይ ውላችን፣ ዲሴምበር ላይ ያልቃል፣ ባለቤቱ ያድስልን አያድስልን ገና አልታወቀም። በሚቀጥለው ሳምንት የባለቤቱ ኤጀንት ቤቱን የምታይበት ኢንስፔክሽን አለ። ፒ.ኤች.ዲ.ዬን የማስረክበውም በዚያው ዲሴምበር። ያን ጊዜ ቤት ፍለጋ ከወጣሁ ጥናቱም ቀረ፣ የልጃችን የሶሊያና ት/ቤትም ቀረ።

ዳዊት ላቨርተን ኖርዝ፣ መጋዘን፣ የከሰዓት ሺፍት ላይ ነው። ደወልኩለት። ጎመኑ መቼ ይደርሳል አለኝ። የአባቱ ልጅ!

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 7

ጋሼን በእርጋታ ላስረዳ ሞከርኩ። እሳቸውም በተራቸው ጠየቁኝ። ሣሩን ማን ያጭደዋል? ዳዊት፣ በየሁለት ሳምንቱ። ምን ይበላዋል? ምንም፤ የቆሻሻ ቢን ውስጥ ይገባና መኪና ይወስደዋል። ሳቁ። እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። የወላይታ ገበሬ ለመንገድ ዳር መሬት እንኳ ሥራ ያገኝለታል። ራት ላይ ትዝ ሲላቸው እንደገና ሳቁ። ሶሊያና ግን ኢንስፔክሽኑን ሰምታለች፣ “ዊ አር ሶ ዴድ” አለች፣ አለቀልን ማለቷ ነው። ጋሼ ምን አለች አሉኝ። ጎበዝ አያት አሉኝ ትላለች አልኳቸው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ አቮካዶዋ ናት። ጎመን ይነቀላል፣ ዛፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በማጠናው የጋና መንደር ሴቶቹ መሬት ተውሰው በቆሎና ኦቾሎኒ ይዘራሉ። ሲመነጥሩ ራሱ የበቀለውን፣ ሺ የሚባለውን፣ ከፍሬው ቅቤ የሚወጣውን ዛፍ፣ አይነኩትም። አዲስ ዛፍ ግን አይተክሉም። ዛፍ የተከለ ሰው መሬቱ የእኔ ነው እንዳለ ይቆጠራል፣ ልቀቅ ይባላል። ምዕራፍ አራት ይኸው ነው። ሌላውን ዓለም ላስረዳ ስል የገዛ ጓሮዬ ጉድ አፈላ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15

ኤጀንቷ መጣች። ወጥ ቤት አንድ ፎቶ፣ መታጠቢያ ቤት አንድ ፎቶ፣ ጓሮ... መቁጠር ተውኩ። ተረከዟ መደቡ ውስጥ ሰመጠ። ጋሼ ዘለው እጇን ያዙና ጫማዋን አወጡላት። አመሰገነች፣ ግን ፊቷ አልተፈታም።

ማምሻውን ኢሜይል። ባለቤቱ ሊዙን ስለማደስ “እያሰበበት” ነው። ቆሌዬ ተገፈፈ። ዳዊት የተዘጋጀ ሣር በጥቅልል የሚሸጥበት ቦታ ይፈልጋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ድሮም ብዬ ነበር ይላል፤ ብሎ አያውቅም።

ጋሼ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ባለመሬቱ ምን ዓይነት ሰው ነው? ተያየን። ዓመት ሊሞላን ነው፣ ፊቱን አይተነው አናውቅም። ጋሼ ደነገጡ። የሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ሰውየውን አለማወቅ! ሽማግሌ ይላክ አሉ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 16

ተቃወምኩ። አገሩ አይደለም፣ በኤጀንት ነው የሚኬደው፣ ያሳፍራል አልኩ። ከዚያ ዩኒ ሄጄ የራሴን የጋና ፎቶዎች አየሁ። እኔው ራሴ፣ መንደሩ ውስጥ ቤቷ ያሳረፈችኝ አዛራ ያገናኘችኝን ሽማግሌ አስከትዬ፣ ለእጅ መንሻ የኮላ ፍሬ ይዤ፣ ከመንደሩ የመሬት አለቃ ፊት መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ዛፎቹን እንዳጠና ይፈቀድልኝ እያልኩ። እዚያ አላፈርኩም። እዚህ ምን ነካኝ? ሊዙ ላይ የሰውየው አድራሻ አለ፤ ካርልተን፣ ከዩኒ በእግር ይደረሳል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። ይላኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 17

ኦ ደብተርዬ፣ የዛሬውስ!

ጋሼ፣ ፓስተራችንና አንድ የቸርች አዛውንት፣ ሦስቱም በሙሉ ልብስና በከረቫት። ፓስተር መጽሐፍ ቅዱሱን ይዟል። ቢተወው አልኩ፣ ያለሱ መንገድ ወጥቼ አላውቅም አለኝ። ካርልተን ስንደርስ ሴት ከሽማግሌ ጋር አትቆምም ተብዬ የሕንፃው ደረጃ ላይ ቀረሁ።

አንኳኩ። ባዶ እግሩን የሆነ ወጣት ከፈተ። ሦስት ሱፍ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፤ ሰባኪ መሰሉት። “ኖ ታንክስ ጋይስ!” ጓ! በሩ ተዘጋ።

ጋሼ አልተከፉም። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የት አለ አሉ፤ እንዲያውም የጨዋ ልጅ ነው። እዚያው ቆሙ። አላስቻለኝም፣ ወጥቼ አንኳኳሁና ተከራዮችህ ነን አልኩ። ልጁ ቲማቲም መሰለ። ጆሽ ነው ስሙ። አስገባን፣ ሶፋውን አሳየን። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አልተቀመጡም። ጆሽም አፈረና ቆመ። አምስታችን ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ቆመን ቀረን።

ጋሼ ጀመሩ። የወለዱትን አባትና እናቱን አመሰገኑ። ሳያስፈቅዱ በመቆፈራቸው ይቅርታ ጠየቁ። ልጆቼን ከመሬትህ አታስነሣብኝ አሉ። እኔ ተረጎምኩ።

ጆሽ ጭንቅላቱን አከከ። ይህቺ ክፍል የኪራይ ናት አለ። እሱም ተከራይ! እዚህ መግዛት ስላልቻለ ነው ፖይንት ኩክ የገዛው። ከእኛ በፊት ተከራዩ ሁሉ እየለቀቀ ቤቱ ባዶ ሲከርምበት ሊሸጠው እያሰበ ነበር። ያውም በብድር ስለተገዛ ከሁሉ በላይ ባለቤቱ ባንኩ ነው አለ። ተረጎምኩ። ጋሼ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ፤ “ባንኩ ከዚህ ሩቅ ነው?” ለመሄድ ከረቫታቸውን ያስተካክላሉ!

ይህን አልተረጉምም ብዬ ነበር፤ ጆሽ ለመነኝ። ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሺ፣ አንድ ዓመት አድሳለሁ አለ። አትክልቱ ይሁን። ዛፏ ግን ትነቀል፣ በሥሯ ቧንቧ ያልፋል።

አትክልት አዎ፣ ዛፍ አይሆንም! የመንደሩ የመሬት አለቃ ቃል በቃል። ልስመው ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ተቀመጡ፣ መረቁት፣ ጆሽ አሜን ማለት ተማረ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ዛፍ ባለፍን ቁጥር አንገታቸውን ያዞራሉ። አቮካዶዋን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ፣ አንጀቴን በሉት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 21፣ ከሰዓት

ጆሽ መጣ። መሬቱን አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል አለ። ጋሼ ጎን ለጎን እየሄዱ ሁሉንም አሳዩት፣ እሳቸው በአማርኛ፣ እሱ በእንግሊዝኛ። ጎመኑ ጋ ተግባቡ። አቮካዶዋ ጋ ሲደርሱ ጋሼ አካፋውን ሰጡት። የተከልኩትን በእጄ አልነቅልም፣ አንተ ባለቤቱ ንቀል አሉ። ተረጎምኩ።

ጆሽ አካፋውን ይዞ ቆመ። መቼ ታፈራለች አለ። ቢፈጥን አራት አምስት ዓመት አሉ ጋሼ። ጆሽ ወደ እኔ ዞረ። እናንተ ተክላችኋት ሳትበሉ አትለቁም አይደል? አለኝ። እንግዲያው አጥሩ ጥግ ትዛወር፣ እዚያ ቧንቧ የለም፤ እኔም ሊዙን ለጊዜው ሦስት ዓመት ላድርገው፣ ቆዩልኝ አለ።

ደብተርዬ፣ አለቀስኩ። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ቪዛችሁ መቼ ያልቃል፣ ሊዛችሁ መቼ ያልቃል ያላለን የለም። ቆዩ ያለን ይህ ልጅ የመጀመሪያው ነው። ጋሼ ሳለቅስ አይተው ምን ብሎሽ ነው ብለው ሊነሡበት ነበር። ቆዩ ብሎን ነው አልኳቸው። ከረቫት ባያስሩም መረቁት።

ወሰንኩ። ዳዊት ሺፍት ላይ ነው፣ አልሰማም፤ ቢሆንም እንፈርማለን። ምዕራፍ አራትም ይታረማል፦ ዛፍ ትከሉ ያለ ባለመሬት እኔም አጋጠመኝ። ጋሼ እየጠሩኝ ነው። ጉድጓዱን እኔ ልቆፍር እኔ ልቆፍር እየተባባሉ ከጆሽ ጋር አካፋ ይጓተታሉ፣ ሄጄ ላገላግላቸው—