ጎርፉን የያዘው ሣር

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14፣ ፍኖተ ሰላም

ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ በባጃጅ ወደ ወንዙ ወረድሁ። በግብርና ሠራተኛነቴ እኔ እየመራሁ ከገበሬው ጋር ሦስት ክረምት አፈር የሚይዘውን ቬቲቨር ሣር የተከልንበት ዳርቻ ተንዶ ይጠብቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጎርፉ ሣሩን አስተኝቶት አለፈ እንጂ አፈሩን ንክች አላደረገውም። ማሳውም ከበላዩ ያሉት ቤቶችም ደህና ናቸው። ጭቃው ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

የማሳው ባለቤት አያ ታደሰ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ያስጎበኛሉ። አምና በጥር ለልጃቸው ሰርግ ሌላ ለምለም ሣር ቢያጡ ይህንኑ ከነሥሩ ነቅለው ዳስ ውስጥ የጎዘጎዙት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን በንዴት አልቅሻለሁ። ክረምት ሲገባ እንደ አዲስ ተከልነው።

«ይኸውላችሁ» ይላሉ ዛሬ፣ «እኔ መጀመሪያ ስተክለው ስቃችሁብኝ ነበር!» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ሰርጉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት።

«እውነትዎን ነው፣ አያ ታደሰ» አልሁ።

ውሸት ሰምቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አያ ታደሰ የእኔ ብለውታልና ከእንግዲህ ያንን ሣር የሚነካ በሬ ወዮለት!