በአንዲት ምድጃ የሚኖሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች

ለክቡር አቶ አርማን ንዱምቤ
የፊሎንጎ ዕቃ አድራሽ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዱዋላ፣ ቦናንጆ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በየሩብ ዓመቱ ሽቅብ ለሚወጣው የዕድገት መስመርዎ ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ በኛላ ሰፈር የምኖር፣ በአንድ የግል ኮሌጅ የድርጅት አመራርና ስትራቴጂ የማስተምር፣ ባርናቤ ቹዌንቴ የምባል ደንበኛዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ማስጠንቀቂያዎ ከደረሰን ወዲህ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች «አስተያየትዎ ለዕድገታችን ግብአት ነው» የሚል መልስ ብቻ ስላመጡልኝ ነው። ግብአት ሆኖ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ዓርብ የተሰጠን ቀን ያልቃል፣ እኔም ተረጋግቼ መቀመጥ አቅቶኝ በየመሃሉ እየተነሣሁ ነው የምጽፈው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ዓመት መተግበሪያዎ «አድራሻዎን ለመመዝገብ ዕቃዎን የሚቀበሉበት ቦታ ላይ ቆመው ቁልፉን ይጫኑ» ብሎ ስላዘዘን አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ኛላ መንገዷ ስም፣ ቤቷ ቁጥር የለውም፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሞተረኛ ወደ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዕቃችንን ሁልጊዜ የምንቀበለው መገንጠያው ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦንቦሊኖ በቦሎቄና የበቆሎ ሙቅ ከሚሸጡት ከእማማ ዤርሜን ንጎ ሊኬንግ ዳስ ሥር ነው። እኛ ከሌለን እሳቸው ተቀብለው ያስቀምጡልናል፤ የቱ የማን እንደሆነም ሳይጽፉ ያውቃሉ። ታዛዥ ሕዝብ ስለሆንን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራና እማወራ በየተራ ሄደን፣ ከምድጃቸው አጠገብ ቆመን ቁልፉን ተጫንን። እኔም ተጭኛለሁ፤ በሌላው እጄ ቦንቦሊኖ ይዤ ነበር።

፪. ይህን የቆጠሩት የስትራቴጂ ባለሙያዎችዎ በመካከለኛው አፍሪካ ከሁሉ ይልቅ ደንበኛ የታጨቀበትን ቦታ አገኘን ብለው ስላበሠሩ ከልቤ አመሰግናለሁ። አራት እርምጃ በአራት እርምጃ በሆነ መሬት ላይ ይህ ሁሉ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያድር ለማጣራትም አንድ ባለሙያ ልከዋል፤ ይህ ትጋት ሳይመሰገን ሊታለፍ አይገባውም። ሰውየው ነጭ ጫማውን ከጭቃ እየጠበቀ «እዚህ ማን ነው የሚኖረው?» ሲል እማማ ዤርሜንን ጠየቃቸው።

«ሁሉም እዚሁ ነው የሚገኘው፣ ልጄ። ትበላለህ?» አሉት።

በላ፣ ጻፈ፣ ሄደ።

፫. ቀጥሎ ስለመጣው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «በደንበኛው ልብ ውስጥ መገኘት» በተባለው አዲሱ ስትራቴጂ መሠረት ቦታውን ከማዘጋጃ ቤቱ ስለተከራያችሁ፣ እማማ ዤርሜን በስምንት ቀን ውስጥ ዳሳቸውን ነቅለው እንዲለቁ፣ በምትኩም አርባ በር ያለው፣ ዕቃ የሚቀመጥበትና በምስጢር ቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን እንደሚቆም ተነግሮናል። በድርጅትና በደንበኛ መካከል ያለውን አገናኝ ማስወገድ የሚባለውን መርህ እኔም ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ነገር ግን እኚህ ሴት ከኩባንያዎ አንድ ፍራንክ ሳይቀበሉ ዕቃችሁን ከዝናብና ከሌባ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ይባላል፤ እናንተ ግን ምስጋናውን ከወሰዳችሁ በኋላ በሬውን ከበረቱ ልታስወጡ ነው።

የቀረው ቅሬታ በራሴ ላይ ስለሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

የየቦታውን ደንበኛ ብዛት በዘንግ የሚያሳየውን የዕድገት ሥዕል ከሪፖርታችሁ ቀድቼ ለስድሳ ተማሪዎች አባዝቻለሁ፤ በመረጃ ላይ የቆመ ስትራቴጂ ማለት ይህ ነው እያልኩም አስተምሬበታለሁ። የተረፈኝን ወረቀት እንደ ልማዴ መጠቅለያ እንዲሆናቸው ለእማማ ዤርሜን ሰጠኋቸው። አንድ ቀን ጠዋት ቦንቦሊኖ ሊጠቀልሉልኝ ሲሉ ወረቀቱን አየት አደረጉና «መምህር፣ ይሄ ከሁሉም በልጦ የቆመው ዘንግ የት ነው?» አሉኝ። ኛላ፣ የእኛው መገንጠያ ነው አልኳቸው።

«ታዲያ እኔ ነኛ» አሉና ጠቅልለው ሰጡኝ።

እሳቸው በአንድ እይታ የደረሱበትን እኔ በሃያ ዓመት ማስተማር አልደረስኩበትም። ይባስ ብሎ ከነገሩኝ በኋላም ዝም አልኩ። ምሳሌው ያምር ነበር፣ ተማሪዎቼም ወደውት ነበር፣ ላበላሸው አልፈለግሁም፤ ሁለት ወር ሙሉ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ አስተማርኩት። ያኔ አንዲት ገጽ ጽፌልዎ ቢሆን ኖሮ ይህ ማስጠንቀቂያ ምናልባት ባልመጣ ነበር። አፍሬአለሁ፣ ክቡር ሆይ። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል፤ እሳቸው ግን ዛሬም ትኩስ ትኩሱን እየመረጡ ነው የሚሰጡኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው። «ምድጃውን ተሸክሜ ሄድኩ እንበል፤ መገንጠያውን በምን ልሸከመው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ ካለዎት እስከ ሐሙስ ይላኩልን፤ ከሌለዎት ማስጠንቀቂያውን እንዲሰርዙልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

የዕድገትዎ መስመር አንድ ቀን ከወረቀት ወርዶ የኛላን ጭቃ ለመርገጥ እንዲበቃ፣ ባለሙያዎችዎም ከመቁጠራቸው በፊት የመጠየቅ፣ ከጠየቁም በኋላ የመስማት ጸጋ እንዲሰጣቸው እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ሪፖርትዎ ላይ ካለው ረጅም ዘንግ እኩል የቆመና ልክ እንደ እሱ የተረጋገጠ መሆኑን እገልጻለሁ።

ባርናቤ ቹዌንቴ
የስትራቴጂ መምህር፤ እንደ መዝገብዎ አድራሻ የእማማ ዤርሜን ምድጃ

ማሳሰቢያ፦ እላይ ያለው አድራሻ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ተቀይሯል። ሰፈራችን ተሰብስቦ ባደረገው ምክክር መሠረት፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው በታክሲ ተሳፍረን ቦናንጆ መጥተን ነበር። ቢሮዎ ዝግ ቢሆንም ጥበቃዎችዎ በትሕትና አስተናግደውናል፤ በዋናው መሥሪያ ቤትዎ ደረጃ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለታችንም በየተራ ቆመን ቁልፉን ተጭነናል። መተግበሪያዎም ለእያንዳንዳችን «አዲሱ አድራሻዎ ተረጋግጧል» የሚል መልስ ሰጥቶናል። በራስዎ ስትራቴጂ የደንበኛው ልብ አሁን እዚያ ስለሆነ፣ ለብረት ሣጥኑ ሕንፃውን ቢለቁልን ደስ ይለናል። ዕቃዎን ለማውጣት ስምንት ቀን ይበቃዎታል፤ ለአንዲት የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ይበቃል ብለው ፈርመዋልና።